ቀለበት መቁጠር ከሆነ ኦቶ ግራሃምን የት እናድርገው? የአሜሪካ ፉትቦል የምንጊዜም ምርጥ ኳርተርባክ ማነው?

የሜሪላንዱ
ሰላም ጎበዝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

የምንጊዜም ምርጥ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ማነው ሲባል አንዱ ብድግ ይልና «ሰባት!» ይላል። በቃ። ቶም ብሬዲ ሰባት ሱፐር ቦል (የአሜሪካው ሊግ የኤንኤፍኤል የዋንጫ ጨዋታ፣ ላሸነፈ ቀለበት ይሰጣል) በልቷል፣ ማንም እዚያ አልደረሰም፣ ክርክሩ ተዘጋ። እኔ ብሬዲን አልጠላም። ግን በሰባት ከሆነ ኦቶ ግራሃምም ሰባት አለው። ለክሊቭላንድ ብራውንስ ከ1946 እስከ 1955 አሥር ሲዝን ተጫወተ፣ በአሥሩም ለዋንጫ ጨዋታ ደረሰ፣ ሰባቱን በላ። አራቱ ያኔ በነበረው ተፎካካሪ ሊግ ነው፣ ሦስቱ ኤንኤፍኤል ውስጥ። «ያ ሊግ ደካማ ነበር» ለምትሉ፣ ብራውንስ በ1950 ኤንኤፍኤል ሲገቡ በመጀመሪያው ዓመታቸው ዋንጫውን ይዘው ሄዱ። ብሬዲ ሰባተኛውን ያገኘው በ21ኛ ሲዝኑ ነው።

ግራሃም ይበልጣል አላልኩም። ቁጥር የምንቆጥረው ለምንወደው ሰው ሲሆን ብቻ ነው እያልኩ ነው።

የኔ መለኪያ ሌላ ነው። ሰውየው በራሱ ዘመን እኩዮቹን ምን ያህል ጥሏቸው ሄደ? በዚህ ከሄድን ለኔ ጆኒ ዩናይተስ ነው። ፒትስበርግ በ1955 በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) በዘጠነኛ ዙር መርጦት አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሰልፈው አሰናበተው። ቀን ግንባታ ላይ እየሠራ በጨዋታ 6 ዶላር እየተከፈለው ለሰፈር ቡድን ተጫወተ። በማግስቱ ዓመት ባልቲሞር ወሰደው። ከዚያ በኋላ ከ1956 እስከ 1960 በ47 ተከታታይ ጨዋታ ቢያንስ አንድ ታችዳውን (ጎል መስመር ያለፈ ውርወራ) ወረወረ፣ ይሄ ሪከርድ የተሰበረው በ2012 በድሩ ብሪስ ነው። በ1959 በ12 ጨዋታ 32 ታችዳውን! ያውም ተከላካዩ ሪሲቨሩን (ኳስ ተቀባዩን) ሜዳ ሙሉ እየገፋና እየጎሸመ እንዲከተለው በሚፈቀድበት ዘመን።

እስቲ አፍርሱኝ።

የቦስተኑ_12
ኧረ ወንድሜ ምን ነካህ። ግራሃም ሲጫወት ኤንኤፍኤል ውስጥ 13 ቡድን ነበር፣ በኋላ ደግሞ 12 ሆነ። ምድብህን ካሸነፍክ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ፍጻሜ ነው። ብሬዲ 32 ቡድን ባለበት፣ ለተጫዋች የሚከፈለው ገንዘብ በጣራ በተገደበበት፣ ማለትም ጥሩ ቡድን ሰብስበህ ማቆየት በማትችልበት ዘመን ነው ሰባት የበላው። ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ) ላይ ብቻ 35 ጊዜ አሸንፏል። ጆ ሞንታና 16 ነው ያለው። ከእጥፍ በላይ!

በድራፍት 199ኛ የተመረጠ ልጅ ነው። ስድስተኛ ዙር። «አሰልጣኙ ቤሊቺክ ነው የሠራው» የምትሉም ስላላችሁ አስቀድሜ ልመልስ፦ በ2020 ተለያዩ። ቤሊቺክ ያለ ብሬዲ 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ብሬዲ በ43 ዓመቱ ታምፓ ሄዶ በመጀመሪያው ዓመት ማሆምስን 31 ለ 9 ቀጥቶ ዋንጫ በላ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ደግሞ ዩናይተስ በራሱ ዘመን ራቀ ካልክ፣ በዚያ መለኪያህ ዳን ማሪኖ ነው መሆን ያለበት። ከ1984 በፊት የአንድ ሲዝን ሪከርድ 36 ታችዳውን ነበር። ማሪኖ በዚያ ዓመት 48 ወረወረ። 5,084 ያርድ። ከዚያ በፊት 5,000 ያለፈ ሰው አልነበረም። በገዛ መለኪያህ ተያዝክ።

አትላንታ_ቤቴ
ስለ ብሬዲ ማውራት ካልቀረ እኔም ልናገር። 28 ለ 3። አዎ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ሌላ ሰው ከሚያነሳብኝ ይሻላል።

የካቲት 2017፣ ሂውስተን፣ ሱፐር ቦል፣ እኛ አትላንታ ከብሬዲ ኒው ኢንግላንድ ጋር። ሦስተኛው ሩብ ላይ 28 ለ 3 እየመራን ነው። ሰው ሁሉ «ብሬዲ ተአምር ሠራ» ይላል። 466 ያርድ ወርውሯል፣ አልክድም። ግን ጨዋታውን እንደገና እዩት። አራተኛው ሩብ ላይ ኳሱን ይዘን መሮጥና ሰዓት መግደል ሲገባን ኳርተርባካችን ማት ራያን ወደ ኋላ ሄዶ ሊወረውር ሲል የነሱ ሃይታወር ኳሷን ከእጁ ነጠቃት። ቀጥሎ ደግሞ ሪሲቨራችን ጁሊዮ ጆንስ ያንን ጉድ የሆነ ኳስ ይዞልን፣ በእግር መትተን ሦስት ነጥብ ማግኘት በምንችልበት ቦታ ላይ ሆነን፣ አሁንም ልንወረውር ፈለግን። ሳክ (ኳርተርባካችን ኳሱን እንደያዘ ተጣለ)። ከዚያ ቅጣት። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ በመጨረሻ ኳሷን በፐንት (በእግር መትቶ ለተቃራኒ መስጠት) ሸኘናት።

ያ ዋንጫ የብሬዲ ብቻ ነው? ግማሹን እኛ ጠቅልለን ሰጥተነዋል።

የቦስተኑ_12
@አትላንታ_ቤቴ አይዞህ ወንድሜ 😂 ግን ስጦታ መቀበልም ችሎታ ይጠይቃል። ሌላው ኳርተርባክ ከ28 ለ 3 በኋላ ሻወር ነው የሚያስበው።

የሳንሆዜው
ልጆች፣ እኔ ከአገር ወጥቼ እዚህ ቤይ ኤሪያ የገባሁት ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ጨዋታውን ያስተማረኝ ሞንታና ነው ማለት ይቻላል።

አራት ሱፐር ቦል፣ አራቱንም አሸነፈ። በአራቱ 122 ጊዜ ወርውሮ 11 ታችዳውን አገኘ። ኢንተርሴፕሽን? ዜሮ። አንድም ኳስ ለተቃራኒ አልሰጠም። ብሬዲ አሥር ጊዜ ሄዶ ሦስቱን ተሸነፈ፣ ሁለቱን ለዚያው ለኒውዮርክ ጃይንትስ። «ሪሲቨሩ ጄሪ ራይስ ስላለ ነው» የምትሉም አላችሁ። ጄሪ ራይስ የመጣው በ1985 ነው፣ ሞንታና ያኔ ሁለቱን በልቶ ጨርሷል። ማሪኖ ያላችሁት ልጅ ያን ሁሉ 48 ታችዳውን ይዞ ሞንታና ፊት ሲቆም 38 ለ 16 ተሸነፈ፣ ከዚያ በኋላ ሱፐር ቦልን በቴሌቪዥን ነው ያየው።

ከሁሉም ግን ለኔ የጥር 1989ኙ ነው። ሲንሲናቲ በሦስት ነጥብ ይመራል። የቀረው ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው። ኳሱ ከራሳችን ጎል 8 ያርድ ላይ። 92 ያርድ መሄድ አለበት። ሁሉም ሰው ልቡ ሊወጣ ሲደርስ ሞንታና ለጓደኞቹ «ያ ሰውዬ ጆን ካንዲ አይደለም እንዴ?» እያለ ደጋፊ መሐል ያለ የፊልም ተዋናይ ያሳያቸዋል። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል ወስዶ 34 ሰከንድ ሲቀር ለጆን ቴይለር ወረወረለት። 20 ለ 16። እንደዚህ ያለ የማይደነግጥ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የቦስተኑ_12
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፣ ሞንታናን እኔም አከብረዋለሁ። ግን ይሄ «አራት ለዜሮ» የሚባለው ነገር ሁሌ ያናድደኛል። በ1985፣ በ1986 እና በ1987 ሞንታና ፕሌይኦፍ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን እየተሸነፈ ቤቱ ገባ። አንዱን 49 ለ 3! በ1987ቱ እንዲያውም አስወጥተው ተጠባባቂውን ስቲቭ ያንግን አስገቡ። እነዚህ ሽንፈቶች ሱፐር ቦል ላይ ስላልሆኑ አይቆጠሩም። ብሬዲ ግን ፍጻሜ ድረስ ሄዶ ሲሸነፍ ይቆጠርበታል። በጊዜ መውደቅ ፍጻሜ ደርሶ ከመውደቅ የሚሻለው በየትኛው ሂሳብ ነው?

የሳንሆዜው
ያ 49 ለ 3 ጨዋታ ላይ ልጁን መትተው ራሱን አስተውት ነው የወጣው። በዚያው ሲዝን ደግሞ ጀርባው ኦፕሬሽን ተደርጎ በሁለት ወር ውስጥ የተመለሰ ሰው ነው። ሂሳብህ ልክ ነው ልጄ፣ ያኔ ግን ኳርተርባክ ሲመታ ዳኛው ዞር ብሎ ነበር የሚያየው። ዛሬ ጉልበቱ አካባቢ ከተነካ ቅጣት ነው። ያ ሕግ የጠበቀው ደግሞ የናንተ ብሬዲ በ2008 ጉልበቱን ከተጎዳ በኋላ ነው፣ አትርሳ።

ሌሊት_8_30
ከአዲስ አበባ ነኝ። ሱፐር ቦል እዚህ የሚጀምረው ሰኞ ከሌሊቱ 8:30 ነው፣ ሥራ ላይ እንቅልፌን እያንጎላጀጅኩ ነው የምውለው። ጨዋታውን ገና እየለመድኩ ነውና አንድ ነገር አልገባኝም። እኛ ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ ብለን ስንጨቃጨቅ ሁለቱም ብቻቸውን ነው የሚሮጡት። የ10,000 ሜትር ሰዓታቸው አለ፣ 26:22.75 እና 26:17.53፣ ጫማውና መሙ ተለወጠ ብለህ ትከራከራለህ እንጂ ሮጦ የገባው ራሱ ነው። እዚህ ግን 11 ሰው ሜዳ ላይ አለ፣ ተከላካዩ ሌላ 11 ነው፣ ኳርተርባኩ ቡድኑ ሲከላከል ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠጣል። ዋንጫውን ለምንድነው ለሱ ብቻ የምታስመዘግቡለት?

የሲያትል_ዝናብ
@ሌሊት_8_30 በጣም ጥሩ ጥያቄ! ስጠብቀው የነበረ ነው።

የካቲት 2015። ሲያትል ከኒው ኢንግላንድ። 28 ለ 24 እየተመራን ነው። ከጎሉ 1 ያርድ ላይ ነን። አንድ ያርድ! ማርሾን ሊንች የሚባል እንደ ግሬደር የሚሄድ ሰው አለን። እኛ ግን ወረወርን። ማልኮም በትለር የሚባል ማንም የማያውቀው ጀማሪ ልጅ ነጠቀን። አለቀ። ያቺ ደቂቃ ላይ ብሬዲ የት ነበር? ዳር ቆሞ እንደኔና እንዳንተ ተመልካች ነበር። ዛሬ ግን ያ ቀለበት «ከሰባቱ አንዱ» ተብሎ በስሙ ይቆጠራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው እዚህ አይሠራም መሰለኝ።

ሌላ ልጨምርልህ። ፔይተን ማኒንግ በ2013 55 ታችዳውን ወረወረ፣ 5,477 ያርድ። በታሪክ ከታዩት ሲዝኖች ሁሉ ትልቁ። ሱፐር ቦል ላይ እኛ 43 ለ 8 አራገፍነው (ይቺን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም 😎)። ከሁለት ዓመት በኋላ እጁ አልቆ፣ ኳሷ በአየር ላይ እየተንቀጠቀጠች፣ በፍጻሜው 141 ያርድ ብቻ ወርውሮ ዋንጫ በላ። ዲፌንሱ (ተከላካዩ ክፍል) ተሸከመው፣ የጨዋታው ምርጥ የተባለውም ቮን ሚለር ነው። ምርጥ በሆነበት ዓመት ተቀጣ፣ ባለቀበት ዓመት ተሸለመ። ቀለበት እንዲህ ነው።

የሜሪላንዱ
@ሌሊት_8_30 ግን ደግሞ የኳርተርባክን ሥራ አታሳንሰው። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት የተቃራኒውን አሰላለፍ አይቶ ማን እንደሚመጣበትና ማን እንደሚደበቅ ማወቅ አለበት። ማኒንግ «ኦማሃ! ኦማሃ!» እያለ ሲጮህ የሰማኸው እዚያው መስመር ላይ ቆሞ ጥሪ ሲያስተላልፍ ነው። ኳሷ እጁ ከገባች በኋላ ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያ ውስጥ አንደኛው ሪሲቨር ተያዘ፣ ሁለተኛው ተያዘ፣ ሦስተኛው ገና እየዞረ ነው፣ 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደግሞ ሊያነሳህ እየመጣ ነው። ሪሲቨሩ ወዳለበት ከወረወርክ ዘገየህ፣ ወደሚደርስበት ባዶ ቦታ ነው የምትወረውረው። በስፖርት ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ሥራ አላውቅም። ዩናይተስ ደግሞ አብዛኛውን ጥሪ ራሱ ነበር የሚመርጠው፣ ጆሮው ውስጥ የሚያወራለት አሰልጣኝ አልነበረም።

የማሪኖን ነገር በተመለከተ፦ ሕጉ በ1978 ተለወጠ። ከአምስት ያርድ በኋላ ሪሲቨሩን መንካት ተከለከለ፣ ኳርተርባኩን የሚጠብቁት ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው መግፋት ተፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው የመወርወር ቁጥር ሁሉ ያደገው በዚህ ነው። ማሪኖ በአዲሱ ሕግ 48 ወረወረ፣ ድንቅ ነው፣ በዚያ ዓመት የተከተለው ሰው 32 ነበር። ዩናይተስ ግን በአሮጌው ሕግ ነው። በዚያ ላይ ማሪኖ እንደዚያ የራቀው አንድ ሁለት ሲዝን ነው፣ ዩናይተስ ለዓመታት። በገዛ መለኪያዬ አልተያዝኩም 😉

የዲሲዋ
ወንድሞቼ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። ግን ይሄን ሁሉ ስም ስትጠሩ አንድ ነገር ማንም አላነሳም። የ«ምንጊዜም» ዝርዝር ማለት እንዲጫወቱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው።

ማርሊን ብሪስኮ በ1968 ዴንቨር ውስጥ በጀማሪነቱ 14 ታችዳውን ወረወረ። በማግስቱ ዓመት ኳርተርባክ ሆኖ የሚቀበለው አጣ፣ ቡፋሎ ሄዶ ሪሲቨር ሆነ። ጥቁር ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ዋረን ሙን በ1978 ሮዝ ቦውል በሚባለው የኮሌጅ ጨዋታ ላይ የጨዋታው ምርጥ ተብሎ ተሸለመ፣ ኤንኤፍኤል ግን በድራፍቱ ስሙን አልጠራም። ካናዳ ሄደ። ኤድመንተን ውስጥ በተከታታይ አምስት የግሬይ ዋንጫ (የካናዳ ሊግ ዋንጫ) በላ። እዚህ የገባው በ1984 ነው፣ እንደዚያም ሆኖ ወደ 50 ሺህ ያርድ የሚጠጋ ወርውሮ ጡረታ ወጣ። በ2006 ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ) ሲገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነው። እነዚያ ስድስት ዓመታት እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ማንን ነበር የምትከራከሩበት?

የኛው የዋሽንግተኑ ዳግ ዊሊያምስ አለ ደግሞ። ጥር 1988፣ ሳንዲያጎ። ዴንቨር 10 ለ 0 ይመራል፣ ዊሊያምስ ጉልበቱ ተጠምዝዞ ወጥቶ ነበር። ተመልሶ በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት ታችዳውን ወረወረ። በአንድ ሩብ 35 ነጥብ! 42 ለ 10 አለቀ። ምርጥ አምስት ውስጥ ይገባል አልልም። ግን አንድ ሩብ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ የሞንታናን 92 ያርድ ትቼ ያንን እወስዳለሁ፣ ይቅርታ ጋሼ።

የሲያትል_ዝናብ
@የዲሲዋ እጅ ነስቻለሁ እህቴ። ሙን የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ልጅ ነው፣ ማለትም የኛ። ሰዉ ግን በስተርጅናው ሁለት ዓመት ለሲያትል ሲሆክስ የተጫወተውን ሽማግሌ ነው የሚያስታውሰው።

የሳንሆዜው
ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ያንን ሩብ እኔም በቴሌቪዥን አይቻለሁ፣ ለዴንቨር አዘንኩ።

ማሆሜ_15
እናንተ ሽማግሌዎች ጥቁርና ነጭ ፊልም ታያላችሁ እንዴ 😂 የምንጊዜም ምርጡ አሁን እየተጫወተ ነው።

ፓትሪክ ማሆምስ መሰለፍ ከጀመረበት ከ2018 እስከ 2024 በሰባቱም ሲዝን የኮንፈረንስ ፍጻሜ (ከሱፐር ቦል በፊት ያለው ጨዋታ) ደረሰ። በሰባቱም! አምስት ሱፐር ቦል፣ ሦስት ዋንጫ፣ ሁለት ጊዜ የሊጉ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች)። የየካቲት 2020ውን አስታውሱ፣ አራተኛው ሩብ ላይ በአሥር ነጥብ እየተመራ፣ ሦስተኛ ሙከራ 15 ያርድ ሲቀረው፣ ወደ ኋላ እየሸሸ ለታይሪክ ሂል 44 ያርድ ወረወረለት። ጨዋታው እዚያ ተገለበጠ። ወደ ግራ እያየ ወደ ቀኝ ይወረውራል፣ በጎን ይወረውራል፣ በግራ እጁም ወርውሮ ያውቃል። ብሬዲ ይሄን በሕልሙም አያደርገውም። ዩናይተስ ደግሞ ዛሬ ቢመጣ እንዲህ ያለ ዲፌንስ ሲያይ ወደዚያ ግንባታው ይመለሳል።

የቦስተኑ_12
ማሆምስ የማያሻማ ተሰጥኦ ነው፣ አልከራከርም። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ፕሌይኦፍ ላይ ከብሬዲ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኙ፣ ጥር 2019 እና የካቲት 2021። ሁለቱንም ብሬዲ አሸነፈ፣ ያውም በ41 እና በ43 ዓመቱ። ሁለተኛ፣ ብሬዲም በ27 ዓመቱ ሦስት ነበረው። ሰውየውን ልዩ ያደረገው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አሥር ዓመት ያለ ዋንጫ ቆይቶ እንደገና አራት። ማሆምስ ያንን ሁለተኛ ግማሽ ገና መጫወት አለበት።

የሜሪላንዱ
@ማሆሜ_15 ዩናይተስን ዛሬ ብታመጣው እያልክ ነው። እኔ ደግሞ ማሆምስን ወደ 1958 ልውሰድልህ። ወደ ጎን እየሮጠ ሲወረውር ፊቱን በክርን ይመቱታል፣ ዳኛው ያልፋል። ሪሲቨሩ 20 ያርድ ሳይሄድ ሁለቴ ይወድቃል። ምናልባት እዚያም ምርጥ ይሆናል፣ ግን በጎን መወርወሩን የሚፈቅድለት አሰልጣኝ አያገኝም።

እሺ ማሪኖንም አከብራለሁ፣ ብሬዲንም ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ዩናይተስ፣ ብሬዲ፣ ሞንታና፣ ማኒንግ፣ ግራሃም። ማኒንግን ያስገባሁት አምስት ጊዜ ኤምቪፒ ስለሆነ ነው፣ ማንም አምስት የለውም። ማሆምስ ሲጨርስ ከግራሃምና ከማኒንግ አንዱን ያስወጣል።

የቦስተኑ_12
ብሬዲን ሁለተኛ? ከዚህ ክር ልወጣ ነው።

አትላንታ_ቤቴ
ውጣ፣ እኛም እንረፍ።

የዲሲዋ
የአሮጌ ዘመን ሰው ካስገባችሁ አይቀር ለምን ሳሚ ባው የለም? በ1943 ለዋሽንግተን ሲጫወት በመወርወር ከሊጉ አንደኛ፣ በፐንት አንደኛ፣ ተከላካይ ሆኖ ኢንተርሴፕት በማድረግም አንደኛ፣ 11 ነጠቀ። ሦስቱንም በአንድ ሲዝን! ሌላው ሲከላከል ወንበር ላይ ውሃ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። እስቲ ብሬዲ አንድ ፐንት መትቶ ያውቃል?

የቦስተኑ_12
መትቷል እኮ እህቴ። ጥር 2012፣ ፕሌይኦፍ፣ ዴንቨር ላይ። 48 ያርድ።